የወይዘሮ ቀለምወርቅ ግራጫ ቀሚስ

በዳይ ይቅርታ አልጠይቅም ሲል ሰው እንደሚቸገር ሁሉም ያውቃል። ብዙ ያልተወራለት ሌላኛው ችግር ነው፤ ይቅርታውን ጠይቆ፣ ተቀብሎ፣ ተመርቆ ከሄደ በኋላ በማግስቱ ያንኑ ይቅርታ ሊጠይቅ የሚመለስ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩ አንድ አይጠፋም። ለሌላው ሆደ ሰፊ ነው፤ ሌባ ቢሰርቀው "ቢቸግረው ነው" ይላል። ወደ ራሱ ሲዞር ግን ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም እሱ ነው፤ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

ጅግጅጋ ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዘችው ወይዘሮ ቀለምወርቅ ናት። በጨርቃ ጨርቅ ተራ የአልጋ ልብስ፣ መጋረጃና የተሰፋ ቀሚስ ትሸጣለች። ሙሉ ማዕረጓ ይጻፍ ቢባል "ክብርት ወይዘሮ ቀለምወርቅ፣ የሰው ጥፋት ሁሉ ጠበቃ፣ የራሷ ጥፋት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ" ተብሎ ነው። "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" ይላል ተረቱ። እሷም አታሳንስም፤ ግን ለራሷ የምትቆርሰው ጥፋት ብቻ ነው።

ይህን ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው የግድግዳ ጎረቤቷ ደሃቦ ናት። ደሃቦ የዲራዕ ነጋዴ ናት፤ የሶማሌ ሴቶች ለሠርግና ለበዓል የሚለብሱትን ያን ስስና ሰፊ ቀሚስ በቶጎጫሌ በኩል እያስመጣች ትሸጣለች። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ በአንዱ ሲያስነጥሱ በሌላው "ይማርሽ" ይባላል። ደሃቦ ጤነኛ ሴት ናት፤ ልጆቿ አድገዋል፤ ንግዷም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ግን ደክሟታል። ያደከማት ሥራ አይደለም፤ ይቅር ማለት ነው።

ጠዋት ሱቋን ልትከፍት ስትመጣ ቀለምወርቅ ደጁን ጠርጋ ትጠብቃታለች። የራሷን ደጅ አይደለም፤ የደሃቦን።

"ምነው ቀለም፣ መጥረጊያውን ተይው አላልኩሽም?"

"ተይኝ ደሃቦዬ፣ ለዚያ ለበደልኩሽ..."

"ወላሂ አልበደልሽኝም!"

"እሱ ያንቺ ደግነት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ጥፋቱ የኔ ነው" ለወይዘሮ ቀለምወርቅ እንደ ደህና አደራችሁ ያለ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ "ካውያ ሰክቼ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው" ትላለች፣ የጠፋው እስከ ሐረር ድረስ ቢሆንም። ዝናብ ዘንቦ ጎርፍ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው "ትናንት አቧራ በዛ ብዬ አማርሬ ነበር" ትላለች። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ እግሯን ሲረግጣት ቀድማ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት፤ እግሯን ዘርግታ ነበረና። ሰውዬውም ይቅር ብሏት ወረደ።

ለሌላው ሲሆን ግን ሆዷ እንደ ቅቤ ነው። አንዴ የአልጋ ልብስ ይዞባት የሮጠ ሰው በገበያተኛ ተይዞ ሲመጣ "ኧረ ልቀቁት፣ ብርዱ ገብቶ የለ" ብላ አስለቀቀችው። የትራስ ልብሱንም ጨመረችለት፤ ለብቻው ምን ያደርግላታል?

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ አለ። አዛን ሲል ሙስሊሙ ነጋዴ በሩ ላይ ወንበር ያጋድምና ሊሰግድ ይሄዳል፤ ሱቁን ክርስቲያን ጎረቤቱ ያይለታል። በጥምቀትና በፋሲካ ተራው የሌላው ነው። ስለዚህ ነገር ማንም ተሰብስቦ አያውቅም፣ ማንም አልፈረመም፤ እንዲሁ እግዜር ይስጠው እየተባለ ሲሠራበት የኖረ ነው። ደሃቦ ሶላት ስትሄድ ቀለምወርቅ ሱቋን ታያለች፤ ገዢ ከመጣም ትሸጥላታለች።

በ2011 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት፣ ደሃቦ የዐስርን ሶላት ልትሰግድ እንደሄደች፣ ወደ ድሬዳዋ የምትሳፈር አንዲት መንገደኛ እየተጣደፈች ገባች። የተሰቀለውን ሁሉ አልፋ፣ ከመደርደሪያው ሥር በፌስታል የተቀመጠ ወርቃማ ዲራዕ አየች። "ይሄን ካልሸጥሽልኝ አልሄድም" አለች። ቀለምወርቅ ለጓደኛዋ ጥሩ ገበያ ያመጣች መስሏት ጠቅልላ ሰጠቻት፤ "በደስታ ልበሺው" ብላም መረቀቻት።

ያ ዲራዕ የሆዳን ነበር። ሆዳን የቀብሪበያ ልጅ ናት፤ ለሠርጓ በደሃቦ በኩል ከሐርጌሳ ያስመጣችው ነው፤ ሠርጉም በዚያው ሳምንት ነበር። ደሃቦ ከሶላት ተመልሳ ፌስታሉን ስታጣ ሚኒባሱ የካራማራን ዳገት አልፏል።

ሆዳን አንድ ምሽት አለቀሰች። በማግስቱ አረንጓዴ መረጠች፣ ዘካሪያን አገባች፣ ወለደች፣ ደገመች። አሁን የሠርጓን ፎቶ ስታሳይ "አረንጓዴው ነው የሚያምርብኝ፤ በወርቃማው ቢሆን ፊቴ ይጠፋ ነበር" ትላለች። ደሃቦም ያኔውኑ "ኸይር ነው፤ ሰው ነሽ" ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። ሁሉም ዘጋው፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ቀለምወርቅ የዚያን ዕለት በደሃቦ ሱቅ መሐል ቆማ "የሰው ልጅ የሠርጓን ልብስ አሳጥቼ እኔ አዲስ ልብስ ገላዬን አይነካውም" ብላ ማለች። የለበሰችው ግራጫ ቀሚስ ነበር። የቀሚሱም መጥፎ ዕድል ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አላገኘም። ማታ ይታጠባል፣ ጠዋት ይለበሳል። አንገቱ ነጣ፤ ብብቱ ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ እንደገና ተቀደደ። የቀሚስ ነጋዴዋ ዙሪያዋን አዳዲስ ቀሚስ ሰቅላ መሐሉ ላይ እንደ አሮጌ መጋረጃ ትቆማለች። "ለሷ ያልሆነ ለኛ ይሆናል?" እያሉ የሚመለሱ ገዢዎችም ነበሩ።

ሆዳንማ መከራዋን አየች። ገበያ በመጣች ቁጥር ይቅርታ ስለምትጠየቅ በሽንኩርት ተራ በኩል በጓሮ ዞራ መግባት ጀመረች። አንድ ቀን ቢቸግራት፣ ደስተኛ መሆኗን እንድታይላት፣ የመጀመሪያ ልጇን ኢቅራን በአያቷ ጀርባ አሳዝላ ላከች። ወይዘሮ ቀለምወርቅ ለሕፃኗም ይቅርታ ጠየቀቻት። ኢቅራ ገና ጥርስ አላበቀለችም ነበር፤ በባዶ ድዷ ሳቀችላት። "አያችሁ፣ እንኳን ትልቁ ሕፃኑም ያዝንልኛል" ብላ አለቀሰች ቀለምወርቅ።

ደሃቦ መላው ሲጠፋት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደች። እንዲህ ሲባል ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን አልካደችም። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ከቅጥሩ በር ላይ ቆማ፣ የቀለምወርቅን የንስሐ አባት ቄስ ተክለማርያምን አስጠራች።

"አባ፣ እባክዎ ይህችን ሴት ይፍቱልኝ።"

ቄሱ ከልባቸው ተነፈሱ። "ልጄ፣ እኔማ ከፈታኋት ቆየሁ። ንስሐ ሰጠኋት፤ ፈጸመች። 'ይጨምሩልኝ' አለች። 'በቃሽ' ስላት 'አባቴ ስለሚያዝኑልኝ ነው' ብላ በራሷ ላይ ጨመረች። ንስሐን እንደ ቀበሌ ስኳር በተራ የምትወስደው አደረገችው እኮ!"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር" አሉ ቄስ ተክለማርያም።

ሁለት የደከሙ ሰዎች በበሩ ግራና ቀኝ ቆመው ተያዩ። ደሃቦ ወደ ሱቋ ስትመለስ ደጇ ተጠርጎ ጠበቃት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለምና ይቅርታውም ተለመደ። በ2017 ታኅሣሥ ግን ስልክ ተደወለ። የደወለችው የቀለምወርቅ አንድያ ልጅ ገሊላ ናት፤ አዳማ ትሠራለች፣ በጥር ልታገባ ነው።

"ኤዶ ደሃቦ" አለች። ጅግጅጋ ያደገች ልጅ ናትና አክስትን የምትጠራው እንደ ሶማሌ ልጆች ኤዶ ብላ ነው። "እማዬ ለሠርጌ አዲስ ልብስ አልለብስም ብላለች።"

"ግራጫውን ነው የምትለብሰው?"

"ግራጫውን! ያውም ከፊት አልቀመጥም፤ ከጓሮ ሆኜ ዕቃ አጥባለሁ ትላለች። የሀገር ልብስ አሰፍቼ በአውቶብስ ልኬላት ነበር፤ ፌስታሉን አልፈታችውም። ኤዶ፣ አባቴ የለ፤ ያለችኝ እሷ ናት። እናቴ ጓሮ ዕቃ እያጠበች እኔ ሙሽራ ተብዬ ልቀመጥ? ወላሂ ሠርጉን እሰርዘዋለሁ።"

ደሃቦ ስልኩን ዘግታ ወደ ቀለምወርቅ ሱቅ ገባች። ፌስታሉ በመደርደሪያው ጫፍ ላይ እንደታሰረ ተቀምጧል።

"ቀለም፣ ፍቺው።"

"የሰው ሠርግ አበላሽቼ በልጄ ሠርግ ላጊጥ? ፈጣሪ ምን ይለኛል?"

"ምንም አይልሽም!"

"እሱ ዝም ስላለ እኮ ነው እኔ የምናገረው" አለች ቀለምወርቅ።

ደሃቦ የዚያን ቀን ሲመሽ ሱቋን ስትዘጋ አንድ ነገር ትዝ አላት። የሶማሌ ሽማግሌዎች ሔር የሚሉት የቆየ የዕርቅ ሕግ አላቸው። በሔር አንድ ነገር ታይቶ፣ ተፈርዶ፣ ዱዓ ተደርጎበት ከተዘጋ በኋላ ማንም አያነሳውም፤ በዳዩም ተበዳዩም። የተዘጋ ነገር የከፈተ ሰው ራሱ ጥፋተኛ ነው፤ ይቀጣል። ደሃቦ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ቆማ ፈገግ አለች። በማግስቱ ጠዋት ቀለምወርቅን መጥረጊያዋን ይዛ ስታገኛት "አባዮ፣ እህቴ፣ ከስሼሻለሁ" አለቻት። "ከዐስር ሶላት በኋላ አዴር ኤልሚ ዘንድ ትቀርቢያለሽ።"

የቀለምወርቅ ፊት በራ። "እውነትሽን ነው? ተመስገን! በመጨረሻ!"

አዴር ኤልሚ ዕድሜያቸውን በጅግጅጋና በቶጎጫሌ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አዴር አጎት እንደማለት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይጠራቸዋል። አሁን ከገበያው ጀርባ በምትገኝ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው የሰው ጠብ ይፈታሉ። ቀለምወርቅ ግራጫ ቀሚሷን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ሆዳንም ከቀብሪበያ ተጠርታ መጥታለች። ተከሳሽ እንዲህ ደስ ብሎት ሲመጣ ሽማግሌዎቹ አይተው አያውቁም።

"ክሱ ምንድን ነው?" አሉ አዴር ኤልሚ፣ በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ።

"የተዘጋ ነገር ትከፍታለች" አለች ደሃቦ።

ቀለምወርቅ ግራ ገባት። "የዲራዑ አይደለም እንዴ?"

"የዲራዑማ አልቋል።"

"እኔ ሳልጨርስ እንዴት ያልቃል?"

ሽማግሌዎቹ ሳል መጣባቸው። አዴር ኤልሚ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። "ልጄ፣ ደሃቦ ይቅር ብላሻለች?"

"ብላኛለች።"

"ሆዳንስ?"

"ኧረ እኔ አፌ እስኪደርቅ ብያለሁ" አለች ሆዳን ከኋላ።

"የንስሐ አባትሽስ?"

"እሳቸውም ብለውኛል።"

"ፈጣሪስ?"

"እሱማ መሐሪ ነው።"

"እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ይቅር ካሉሽ፣ አንቺ ከነሱ በላይ ሆነሽ ነው አልልም የምትይው?"

ይህ ነገር ቀለምወርቅን መታት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ስትናገር ድምጿ ሌላ ሆነ።

"አዴር፣ እርስዎ አያውቁም። በዚያ በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ ሱቄን ቆልፌ ሸሸሁ። ይህች ሴት በሱቄ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ሊሰብሩ ሲመጡ 'የኔ ነው፤ እኔን አልፋችሁ ግቡ' አለቻቸው። ስመለስ ክር አልጎደለም። እኔ ደግሞ፣ እሷ ሰግዳ እስክትመለስ፣ አንዲት ፌስታል አልጠበቅኩላትም።"

ደሃቦ ይህን ጨርሶ አላሰበችውም ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ቀለምወርቅን ደጇን ያስጠረጋት ዲራዑ አይደለም። ያንን ቀን አስታወሰች፤ የጢሱን ሽታ፣ የሰዎቹን እግር። ከዚያ ለማንም ተናግራው የማታውቀው ነገር ከአፏ ወጣ።

"ቀለም፣ አንቺ እኮ ጀግና አድርገሽኛል። ወንበሩን ያወጣሁት ጉልበቴ ተንቀጥቅጦ መቆም አቅቶኝ ነው። እንኳን ሰው ላስቆም፣ መሄድ ብችል ሄጄ ነበር።"

መጀመሪያ የሳቀችው ሆዳን ናት፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። ቀለምወርቅ ግን አልሳቀችም፤ ደሃቦን እንደ አዲስ ሰው ትክ ብላ አየቻት።

አዴር ኤልሚ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። "ስሚ ልጄ። ደሃቦ ያን ቀን የጠበቀችው መጋረጃና የአልጋ ልብስ መሰለሽ? ያንቺን ቦታ ነው የጠበቀችው፤ እንድትመለሺ። ተመልሰሻል። ስለዚህ የጎደለ የለም።" ዱላቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። "የዲራዑ ነገር ተዘግቷል። ከዛሬ ጀምሮ ያነሳ ይቀጣል።"

"ፍየል ይሁንባት" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

"ፍየል ብንላት ሁለት ታመጣለች" አሉ አዴር ኤልሚ። "ይህችን ሴት የሚቀጣት ዕረፍት ብቻ ነው። ያነሳች ቀን እዚህ መጥታ፣ እጇ ሥራ ሳይነካ፣ ከዐስር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የግመል ወተት ሻይ ትጠጣለች። በጾሟ ቀን ወተቱ ይቀርላታል።"

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ቀለምወርቅም አማተበች። ገና "አሚን" ተብሎ ሳያልቅ፣ "ግን እኮ አዴር፣ ያ ፌስታል ከመደርደሪያው ሥር መሆኑ ራሱ..." ስትል ተሰማ።

"ወንበር አምጡ!" አሉ አዴር ኤልሚ።

ሰው ሲሰቃይ ማየት የፈለገ የዚያን ዕለት ወይዘሮ ቀለምወርቅን ማየት ነበረበት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ የወንበሩ ጠርዝ ላይ እንደ እንግዳ ተሰቅላ፣ ጊዜው አልሄድ አላት። የሚጠረግ ነገር በዐይኗ ፈለገች። የጠረጴዛውን ልብስ ክር መሳብ ስትጀምር "እጅ!" ተባለች። በዚያ ሳምንት ደጋግማ ተቀጣች። በሚቀጥለውም ተቀጣች፤ ግን ጀርባዋ የወንበሩን መደገፊያ ነካ። አንድ ቀን ደሃቦ በሻይ ቤቱ መጋረጃ ሥር አጮልቃ ስታያት ዐይኗን ጨፍና ነበር። ሌላ ቀን ጠዋት ደሃቦ ስትመጣ ደጇ አልተጠረገም። እዚያ አቧራ ላይ ቆማ፣ የቆሸሸ ደጅ በማየቷ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ቀለምወርቅ አዳማ የምትሄድበት ማለዳ ደሃቦ ፌስታሉን ራሷ ፈታችው። ነጭ የሀገር ልብስ ነው፤ ጥለቱ ወርቃማ።

"ወርቃማ!" አለች ቀለምወርቅ፤ አፏን ግን ወዲያው ያዘች። ደሃቦ በአገጯ ወደ ሻይ ቤቱ አመለከተቻት። ቀለምወርቅ መጋረጃ ጀርባ ገብታ ለበሰችው። ግራጫውን አጣጥፋ ሳይሆን እንደነበረ ከሚሸጡት ቀሚሶች ጎን ካለ ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ "ስመለስ ለሥራ እለብሰዋለሁ" አለች። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ፣ ይህን ያህል ዘመን የሁሉን ሱቅ ስታይ የኖረችው ሴት፣ ከዲራዑ ወዲህ ብላው የማታውቀውን ቃል አለች። "ደሃቦዬ፣ ሱቄን እይልኝ።"

እሑድ ማታ ገሊላ ፎቶ ላከች። ቀለምወርቅ ከፊት ተቀምጣለች፤ እጇ ጭኗ ላይ ነው፣ ምንም አልያዘም። ደሃቦ ፎቶውን አየችና አለቀሰች፤ ከዚያ ላየው ሰው ሁሉ አሳየች።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ሰኞ፣ ደሃቦ የቀለምወርቅን ሱቅ ከፍታ ተቀምጣ ሳለ፣ ዐዎ የምትባል አንዲት ሴት ከሸደር መጣች። የተሰቀለውን ቀሚስ ሁሉ በጣቷ እየዳሰሰች "አዲስ ጨርቅ ገላዬን ይበላኛል" እያለች ተወችው። ከዚያ ሚስማሩ ላይ ያለውን ግራጫ ያዘች። "ሱብሐነላህ! እንዴት ለስልሷል! ይሄ ሳይለበስ የለመደ ነው።" ደሃቦ ለጓደኛዋ ጥሩ ገበያ ያመጣች መስሏት አወረደችው፣ ጠቅልላ ሰጠቻት፣ "በደስታ ልበሺው" አለቻት።

ወደ ማታ ዐይኗ ባዶ ሚስማሩ ላይ ዐረፈ። ለካ ያንን ቀሚስ ያለ ቀለምወርቅ አይታው አታውቅም። ውስጡ ሰው ሳይኖር በምን ይለያል?

ወዲያው ደወለች። "ቀለም፣ አትደንግጪ።"

"ምነው? ሱቁ ተቃጠለ?"

"ኧረ አላህ ይጠብቀን! ቀሚስሽን ሸጥኩት።"

"የትኛውን?"

"ግራጫውን።"

ከቀለምወርቅ ጀርባ የመልሱ እልልታ ይሰማል። "ብብቱ ተቀዶ ነበር እኮ" አለች። "ነገርሻት ለሴትየዋ?"

"አልነገርኳትም።"

"ውይ! ሳልሰፋው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የ..." ቆመች። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ። ደሃቦ ቀለምወርቅ ስትስቅ ከሰማች ብዙ ዘመን ስለሆናት መጀመሪያ ያለቀሰች መሰላት። "ኸይር ነው ደሃቦዬ" አለች ቀለምወርቅ ሳቋ ሲበርድላት። "ሰው ነሽ።"

ይህ የደሃቦ የራሷ ቃል ነበር። ለሰው ስትሰጠው እንዴት ቀላል ነበር! አሁን ወደሷ ሲመለስ አልዋጥ አላት። በማግስቱ ጠዋት ደወለች፤ "ሸደር ሄጄ ሴትየዋን ልፈልጋት?" ቀለምወርቅ "ተያት፣ ትልበስበት" አለች። በምሳ ሰዓት ደወለች፤ "አንድ ቀሚስ መርጬ ላስቀምጥልሽ?" ከዐስር በኋላ ደግሞ ደወለች።

"ቀለም፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አደራ እኮ ነው። የሰው አደራ በላሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ደሃቦ።"

"አቤት።"

"ስልኩን ለአዴር ኤልሚ ስጪልኝ።"

ደሃቦ ስልኩን ይዛ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደች። አዴር ኤልሚ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው "ሃዬ... ሃዬ..." እያሉ ብዙ ሰሙ። ስልኩን መለሱላት። "ወንበር አምጡ" አሉ።

"አዴር፣ እኔ እኮ ከሳሽ ነኝ!"

"ነበርሽ።"

"ሱቆቹስ? የኔም የሷም ክፍት ናቸው።"

ከማዶ ጫማ የምትሸጠው ሪሐና፣ ነገሩን ሁሉ የሰማች፣ እጇን አወዛወዘች። "ቁጭ በይ፣ እኔ አለሁ!"

ደሃቦ ተቀመጠች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ፎቶው ላይ ያየችው ትዝ ሲላት ጭኗ ላይ አኖረችው። ከገበያ የተመለሱ ፍየሎች አቧራውን እያስነሱ በፊቷ አለፉ። ሻዩ መጣ። "ጥፋቱ..." ልትል አፏን ስትከፍት የአዴር ኤልሚ ዱላ ከፍ ሲል አየችና ፉት አለችው። ጣፋጭ ነው፤ ወተቱ በዝቷል። ጀርባዋ፣ ስንት ዘመን ቀጥ ብሎ የኖረው፣ ቀስ ብሎ መደገፊያው ላይ ዐረፈ።

"እስከ መግሪብ ገና ነው" አሉ አዴር ኤልሚ፣ የቅጣቱን ክብደት ሊያሳስቧት።

ደሃቦ ወደ ሰማዩ ቀና አለች። እውነትም ገና ነው። "አልሐምዱሊላህ" አለች።